ዋልተር ጆንሰን ቢሆን ኖሮ

ሰሞኑን አንድ ሽማግሌ ነገር ፈልገውኛል።

ዋሽንግተን መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው የምሠራው። እሳቸው ደንበኛ ናቸው። አሜሪካዊ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ፏ ያሉ ሰው። ቁልፋቸውን ይሰጡኛል፤ ከዚያ በቲፕ ፋንታ ስለ ድሮው የቤዝቦል ወርዋሪ ስለ ዋልተር ጆንሰን ያስተምሩኛል። እሱንስ ለምጄዋለሁ። የዚህ ሳምንቱ ግን ሌላ ነው። እረፍት ላይ ሆኜ በስልኬ ቤዝቦል አያለሁ። አንድ ጎረምሳ ኳሷን በሰዓት ከ100 ማይል በላይ ወረወራት። መቺው ዱላውን ያወዛወዘው ኳሷ ካለፈች በኋላ ነው። «ወይ ጉድ!» አልኩ ለራሴ። ሽማግሌው ለካ ከኋላዬ ቆመዋል። «ዋልተር ጆንሰን ቢሆን ኖሮ መቺው ኳሷን አያያትም፤ ድምጿን ብቻ ነው የሚሰማው» አሉኝና ቁልፋቸውን ተቀብለው ሄዱ።

በቃ። አንድ «ወይ ጉድ» እንኳ በሰላም አላስጨረሱኝም።

እስቲ ሂሳብ እንሥራ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ጆንሰን ለዚህ ከተማ ቡድን፣ ለዋሽንግተን ሴናተርስ፣ መወርወር የጀመረው በ1907 ነው። ያቆመው በ1927። የሞተው በ1946 መጨረሻ ላይ። እኚህ ሰው ደግሞ ሰማንያ አልሞላቸውም። ታዲያ ድምጿን የት ሰሟት?

የሚገርመው «አባቴ እንደነገረኝ» እንኳ አይሉም። እንዳየ ሰው ነው የሚያወሩት። ክንዳቸውን ወደ ጎን ዘርግተው፣ ወገባቸውን ሰበቅ አድርገው፣ አወራወሩን ያሳዩኛል። ክንደ ረጅም መሆኑ፣ ከጎን መወርወሩ እውነት ነው። የሽማግሌው ወገብ ግን ያን ያህል አይታጠፍም፤ አንድ ቀን እዚያው ተይዘው እንዳይቀሩብኝ እሰጋለሁ።

በጣም የምወደው ተረት አለ፤ «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው»። ለቅሶ ቤት ሜትር ይዞ የሚገባ የለም። «ኧረ አጭር ነበር» የሚል ቢገኝ ዱላ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ያ አንገት ሙት ዓመቱ በመጣ ቁጥር ይረዝማል። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ሌላው ልጅ ነው። ያልሞተው። በር ላይ ቆሞ ለቀስተኛውን ውኃ የሚያስታጥበው። እሱ የራሱን አንገት እየዳሰሰ ያድጋል።

ይህን ልጅ አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ። አጎቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ኢትዮጵያ በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ ስታዲየም ነበርኩ ይል ነበር። መቼም ያን ቀን ስታዲየም ነበርኩ ያለው ሁሉ እውነቱን ከሆነ፣ አዲስ አበባን ሲጠብቅ የዋለው ውሻ ብቻ ነው። ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፍን፤ መንግሥቱ ወርቁም አገባ። እሰየው! እኔም እኮራለሁ። ግን ልጅ ሆኜ በሰፈር ጨዋታ ጎል አግብቼ፣ ጉልበቴ ተልጦ፣ እየበረርኩ ቤት ስገባ አጎቴ ምን አለኝ? «በየትኛው እግርህ?» በቀኝ አልኩት። «መንግሥቱ ቢሆን በሁለቱም ነበር።» አንድ ጎል በሁለት እግር እንዴት እንደሚገባ እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም። ያን ቂም ይዤ ነው አሜሪካ የገባሁት። ኤርፖርት ላይ ሻንጣዬን ሲፈትሹ አላገኙትም።

ጆንሰንን ግን አልጠላውም። እንዲያውም ከሽማግሌው በላይ ሳልወደው አልቀርም። ሰውየው 417 ጨዋታ አሸንፏል፤ የሚበልጠው ሳይ ያንግ ብቻ ነው። 110 ጨዋታ ተጋጣሚው አንድ ነጥብ ሳያገኝ ጨርሷል፤ እዚህ ማንም አልደረሰም። በ1908፣ የሃያ ዓመት ልጅ ሳለ፣ ኒውዮርክን በአራት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ገጥሞ ሦስቴም ባዶ አወጣት። አንዱን ቀን ያረፈው እሑድ ስለሆነ ነው፤ በኒውዮርክ የእሑድ ጨዋታ ክልክል ነበር። ሰንበት ባይደርስላት ምን ይውጣት ነበር? «ትልቁ ባቡር» ይሉት ነበር። የኛው የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ በገባበት በ1917፣ ይህኛው ባቡር ሥራ ከጀመረ አሥር ዓመት ሆኖታል። መንገድ ላይ ቆመ ሲባል ግን አልተሰማም።

ደግሞ የዶላሩ ታሪክ አለ። ጆርጅ ዋሽንግተን በልጅነቱ ፍሬድሪክስበርግ ላይ የብር ዶላር ወርውሮ ራፓሃኖክን ወንዝ አሻገረ ተብሎ ይወራል። በ1936 ጡረተኛው ጆንሰን ይቻል እንደሆነ ይታይ ተብሎ እዚያው ወንዝ ዳር ሄደ፤ ወረወረ፤ አሻገረ። ይህን ሽማግሌው ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። ወንዝ የተሻገረ ዶላር እንዲህ የሚያስለቅሳቸው ሰው በመኪናቸው መስኮት አንድ አሻግረው አያውቁም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልግባ። ሽማግሌው 417ን በቃላቸው ያነበንቧታል። 279ን ግን ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። 279 የተሸነፈባቸው ናቸው። ክንዱ ዝሎ አይደለም፤ ቡድኑ ብዙውን ጊዜ የማይረባ ስለነበረ ነው። «ዋሽንግተን በጦርነት አንደኛ፣ በሰላም አንደኛ፣ በአሜሪካን ሊግ መጨረሻ» እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ሰውየው ከዚያ ቡድን ጋር 21 የውድድር ዘመን ቆየ። እኔ ባርኔጣዬን የማነሣው ለዚህ ነው።

ሌላም የሚዘሉት ነገር አለ። ጆንሰን ሰው መግደል ይፈራ ነበር። ያን ክንድ ይዞ የመቺውን ጭንቅላት እንዳያገኘው ይሰጋል። ስጋቱ ቅዠት አልነበረም፤ በ1920 የክሊቭላንዱ ሬይ ቻፕማን የሌላ ወርዋሪ ኳስ ጭንቅላቱን መታው፤ ሞተ። ታይ ኮብ የሚባል መቺ የጆንሰንን ፍራቻ ነቃበት። ኮብ ለማሸነፍ የማይፈነቅለው ድንጋይ የሌለ ሰው ነው። ኳሷ ወደምታልፍበት ወደ ሆም ፕሌቱ ጠጋ፣ አሁንም ጠጋ ብሎ ይቆማል። ጆንሰን እንዳይመታው ብሎ ኳሷን ያርቃታል። ራቅ ስትል በወርዋሪው ላይ ትቆጠራለች። መጨረሻ ላይ ፍጥነቷን ቀንሶ መሀል ለመሀል ሲልካት ኮብ ይቀጠቅጣታል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል! ኮብ ራሱ ኋላ ላይ ይህንኑ ተናግሯል፤ ያለ ምንም ኀፍረት።

ታዲያ ነገሩን ተመልከቱት። ጆንሰን በኳስ ሰው እንዳይመታ ይጠነቀቅ ነበር። አድናቂዎቹ ግን ጆንሰንን ራሱን አንሥተው አላፊ አግዳሚውን ይፈነክቱበታል። ያ በስልኬ ያየሁት ልጅ ምን በደላቸው?

ስለ 1924 ደግሞ ጠጠሯን ካልጠቀስኩ አልሞትም። ቦታውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ዛሬ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያለበት ነው፤ ከዩ ስትሪት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ተነሥቶ በእግር ይደረሳል። ያኔ ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር። ኦክቶበር 10፣ «ወርልድ ሲሪስ» የሚሉት የቤዝቦል ዋንጫ ሰባተኛና መጨረሻ ጨዋታ፤ ፕሬዚዳንት ኩሊጅ ተቀምጠው ያያሉ። ጆንሰን 36 ዓመቱ ነው። በዚያው ፍልሚያ ሁለት ጊዜ ወርውሮ ሁለቴም ተሸንፏል። 3 ለ 3 እንዳሉ በዘጠነኛው ዙር አስገቡት። አራት ዙር አንድም ነጥብ ሳይሰጥ ያዘላቸው። በአሥራ ሁለተኛው ዙር የዋሽንግተኑ ኧርል ማክኒሊ ኳሷን መሬት ለመሬት መታት። ተራ ኳስ ናት። የኒውዮርኩ ፍሬዲ ሊንድስትሮም፣ የ18 ዓመት ልጅ፣ ሊይዛት ተዘጋጀ። ኳሷ ጠጠር ነክታ በአናቱ ላይ ዘላ አለፈች። ዋሽንግተን 4 ለ 3!

እኔ የጠጠሯ ደጋፊ ነኝ። 417 ድል ያላመጣውን ዋንጫ አንድ ጠጠር አመጣችው። ሐውልት ግን አልቆመላትም። ለጆንሰን በ2009 ናሽናልስ ፓርክ ላይ ቆሞለታል። ቀራፂው እንቅስቃሴውን ላሳይ ብሎ ክንዱን ደራርቦ አበዛበት፤ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የወረደ ሱራፌል መስሏል።

አብሮት ሐውልት የቆመለት ጆሽ ጊብሰን ነው። እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ጊብሰን እዚያው ግሪፊዝ ስታዲየም ከጥቁሮቹ ቡድን ከሆምስቴድ ግሬይስ ጋር የተጫወተ አስፈሪ መቺ ነበር። ጥቁር ነው። ስለዚህ በትልቁ ሊግ አንድ ቀን አልተጫወተም። ጆንሰን በወረወረባቸው ዓመታትም ሊጉ ለጥቁር ዝግ ነበር። «ማንም አይመታውም» ሲባል ያ «ማንም» ውስጥ እነማን እንዳልተቆጠሩ የሚናገር የለም። ጆንሰን ዲሴምበር 10 ቀን 1946 ሞተ፤ አርባው በወጣ ማግስት ጊብሰን ተከተለው፣ በ35 ዓመቱ። ከዚያ በሦስት ወር ጥቁሩ ጃኪ ሮቢንሰን ሊጉ ገባ። ጆንሰን ወደ ቤዝቦል የክብር አዳራሽ የተመረጠው በ1936 ከመጀመሪያዎቹ አምስት ጋር ነው። ጊብሰን በ1972።

ይህን ለሽማግሌው አንሥቼባቸው ነበር። «ጆንሰን ራሱ እኮ አድንቆታል» አሉኝ ኮራ ብለው። እውነታቸውን ነው፣ አድንቆታል። ያውም ጊብሰን በሕይወት እያለ፣ ገና እየተጫወተ። «ታዲያ?» ልላቸው ስል መኪናቸውን አስነሡ።

ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ልል ነበር የጀመርኩት፣ አጎቴ መሀል ገባ። መኪናቸውም ንጹሕ ናት። በሚቀጥለው ሲመጡ ወገባቸውን ሳያጥፉ ቀድሜ ስለ ጠጠሯ እጠይቃቸዋለሁ።