ትንሿ ዘንግ አትናቅ

ስለ ፊውዥን (ቀላል አቶሞችን አዋህዶ ኃይል ስለማውጣት) ሲወራ ጆሯችን የለመደው ግዙፍ ማሽን፣ ግዙፍ ማግኔትና ግዙፍ በጀት ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን በመዳፍ ስለምትያዝ አንዲት ኤሌክትሮድ፣ ኮረንቲ ስለምታስተላልፍ ትንሽ ዘንግ ነው።

ለፊውዥን ነዳጁ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ መጋል አለበት። ያን ያህል ሲግል ፕላዝማ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቹ የተነጠሉበት ጋዝ ይሆናል። ይህን የጋለ ፕላዝማ የሚችል ዕቃ የለም። ስለዚህ ቀለበት በመሰለ ክፍል ውስጥ በመግነጢሳዊ መስክ ታጥሮ ይያዛል። ሄሊካል ማሽኖች አጥሩን የሚሠሩት በተጠማዘዙ ጥቅልሎች ነው። የዚህ ቤተሰብ አንጋፋ የሆነውን ስቴላሬተር ላይማን ስፒትዘር ፕሪንስተን ላይ ያሰበው እ.ኤ.አ. በ1951 ነበር።

ፕላዝማ ግን አይታመንም። ውስጡ ትንንሽ አዙሪቶች ይፈጠሩና ሙቀቱን አዝለው ወደ ዳር ያወጡታል። በወንፊት ውኃ እንደመቅዳት ነው። በ1982 ጀርመን ውስጥ፣ አስዴክስ በተባለ ቶካማክ (ሌላ ዓይነት የቀለበት ማሽን)፣ ፕላዝማው በኃይል ሲሞቅ ድንገት ፍሳሹን ቀነሰ። በ1989 ደግሞ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሎስ አንጀለስ ላይ ኤሌክትሮድ አስገብተው፣ ቮልቴጅ ሰጥተው፣ ያንኑ ለውጥ ሆን ብለው አመጡት።

እንዴት? ከኤሌክትሮዱ የሚወጣው ኮረንቲ መስኩን አቋርጦ ሲያልፍ ፕላዝማውን ይገፋውና ያሽከረክረዋል። ጎን ለጎን ያሉ ንብርብሮች በተለያየ ፍጥነት ሲሄዱ አዙሪቶቹ ተለጥጠው ይበጣጠሳሉ።

ሄሊካል ማሽን ላይ ነገሩ ይከብዳል። የመስኩ ጥንካሬ ከቦታ ቦታ ከፍ ዝቅ ማለቱ ሽክርክሪቱን እንደ ፍሬን ይይዘዋል። ደግነቱ ፍሬኑ ጉብታ አለው። ጉብታ ሥር የቆመ መኪና የገፋ ሰው ይገባዋል፦ ጫፉ እስኪደርስ ያንገላታል፣ ከዚያ በራሱ ይሄዳል። ሴንዳይ ያለው የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ሄሊያክ በተባለ ትንሽ ሄሊካል ማሽኑ ይህን በደንብ አጥንቶታል። ኤሌክትሮዱ እስኪግል ሞቆ ኤሌክትሮን የሚተፋ የላንታነም ሄክሳቦራይድ ቁራጭ ነው። ቮልቴጁ ሲጨምር ኮረንቲውም ይጨምራል። ጉብታው ሲታለፍ ግን ቮልቴጁ እየወጣ ኮረንቲው ይወርዳል! ፕላዝማው ማፍሰሱን እንደቀነሰ ከዚህ በላይ ምን ይናገር?

«እውነተኛ ሪአክተር ውስጥ ዘንጓ አትቆይም፤ ትቀልጣለች፣ ፕላዝማውንም ታቆሽሻለች» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ እዚህ ላይ አልከራከርም። ግን ማን ለሪአክተር አላት? ፕላዝማን በኃይል ስታሞቀው ሙቀቱ፣ ጥግግቱ፣ ሽክርክሪቱ አንድ ላይ ይቀየራሉ። ምኑ ምኑን እንዳመጣ መለየት ጭንቅ ነው። ኤሌክትሮድ ግን ግፊቱን በእጅህ ያስገባልሃል።

አሜሪካ ያለውን የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማሽን፣ ኤችኤስኤክስን ተመልከቱ። መስኩ በተለየ ሲሜትሪ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ጥንካሬው እንዳይለዋወጥ ተደርጎ የተነደፈ ስቴላሬተር ነው። ተመራማሪዎቹ በኤሌክትሮድ ፕላዝማውን ገፉት፣ ከዚያ ሲሜትሪውን ሆን ብለው አበላሽተው ደግመው ገፉት። ሲሜትሪው ሲጠበቅ ፍሬኑ ላላ። ንድፈ ሐሳቡ ያለውም ይህንኑ ነበር። የአንድ ማሽን ንድፍ በአንዲት ዘንግ ተፈተነ ማለት ነው።

ለእኔ በጀት ሲጠብ ከእነዚህ የዩኒቨርሲቲ ማሽኖች መቁረጥ ስህተት ነው። ትልልቆቹ ማሽኖች ዘንጓን ላያስገቡ ይችላሉ። ጉብታው ግን እነሱንም ይጠብቃቸዋል፤ ከመግፋታቸው በፊት ከፍታው ስንት እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።