ሎግቡኩን ማን ያነበዋል?

የኢንተርንሺፕ፣ ማለትም ተማሪው መሥሪያ ቤት ገብቶ ሥራ የሚለማመድበት፣ ወቅት ሲደርስ ከስድስት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ የያዘ ተማሪ አይጠፋም። ቦታ የሚፈልገው ራሱ ነው። ዘመድ ያለው ቶሎ ይገባል፤ የሌለው ሲዞር ሳምንታት ያልፉበታል። የተቀበለው መሥሪያ ቤትም ምን እንደሚያሠራው የነገረው ስለሌለ ፎቶ ኮፒ ያስነሳዋል። ሎግቡኩ፣ ማለትም በየቀኑ የሠራውን የሚመዘግብበት ደብተር፣ በመጨረሻው ሌሊት በአንድ እስክሪብቶ ይሞላል፣ ማህተም ይመታበታል፣ ከመቶ 95 ይሰጠዋል።

እዚህ አሜሪካ ጉዳዩ የሚያልቀው ተማሪው ከመውጣቱ በፊት ነው። የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ በ1906 እ.ኤ.አ. 27 የምህንድስና ተማሪዎችን ክፍልና ፋብሪካ እያፈራረቀ ማስተማር ጀመረ። ዛሬ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ሥራ ቢሮ አላቸው። የሚሠራው ሥራ፣ የሚቆጣጠረው ሰው ስምና በመጨረሻ የሚያስረክበው ነገር በጽሑፍ ይፈረማል። ጉድ የለም ማለት ግን አይደለም፤ ያለ ደመወዝ እየሠራ ልምምዱ እንደ ትምህርት እንዲቆጠርለት (ለክሬዲቱ) ከኪሱ የሚከፍል ተማሪ ሞልቷል። አገር ቤት ዘመድ፣ እዚህ ገንዘብ።

ደግሞ መልካሙን ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ ከቸርችል ጎዳና ጥግ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ። ተረኛ ሆኖ ያደረ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) «ሞርኒንግ» በሚሉት የጠዋት ስብሰባ ላይ የሌሊቱን በሽተኛ ጉዳይ ያቀርባል። ሲኒየሩ (የበላይ ሐኪሙ) «ለምን ይሄን አሰብክ? ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?» እያለ ያፋጥጠዋል። ሐኪሞቹ በሽተኞቹን እየዞሩ በሚያዩበት ራውንድ ላይም ጥያቄው በሽተኛው አልጋ አጠገብ ይደገማል። ሥራው ልምድ የሚሆነው እዚያ ጥያቄ ላይ ነው፤ ሌሎቹ የትምህርት ክፍሎች ከሐኪሞቹ ያልወሰዱትም ይህንኑ ነው።

መዋሱ ብዙ ወጪ የለውም። ከ8 እስከ 10 ተማሪ ለአንድ መምህር፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል፤ በየሳምንቱ ሁለት ተማሪ የሠራውን ንድፍ ወይም ሰነድ በእጁ ይዞ ያቀርባል። ምን አየህ? ለምን እንዲያ ሆነ? በሚቀጥለው ሳምንት ምን ትለውጣለህ? ቡድኑ ከ15 ካለፈ ዝምተኛው ይደበቃል። የሥራ ቦታውም ከተቻለ ለግቢው ቅርብ ይሁን፤ ሁለት ሦስት ታክሲ የሚቀይር ተማሪ ቶሎ መቅረት ይጀምራል። (ሩቅ ለሚሠሩት የቡድኑ ስብሰባ ቅዳሜ ጠዋት ቢሆን ይሻላል።)

መምህሩ የሥራ ቦታውን የሚጎበኘው በሦስተኛው ሳምንት ነው። በመጨረሻው ሳምንት የሚሄድ ሻይ ይጋበዛል እንጂ የሚያስተካክለው ነገር አይኖርም። የግምገማው ቅጽ ላይ ደግሞ «ሰዓት አክባሪነት፦ በጣም ጥሩ» ከሚለው በላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ ተማሪው ያለ ረዳት የሠራው አንድ ሥራ ምንድን ነው? መስመሩ ባዶውን ከተመለሰ፣ መምህሩ ስልክ አንስቶ 95ቱ ከየት እንደመጣ ይጠይቅ።