ጫጫታውን ስልኬ አይችለውም

ባለፈው ነሐሴ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ጢስ ዓባይ ወረድን። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በበጋ ብዙው ውሃ ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚሄድ ፏፏቴው ይሳሳል። ነሐሴ ላይ ግን ሌላ ነው። ገና ሳናየው ድምፁ ደረሰን። ስንጠጋ መነጋገር አቃተን። ጓደኛዬ አፉን ይከፍታል፣ እኔ የምሰማው ውሃውን ብቻ ነው። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር አብሮ ይመታል።

ስልኬን አውጥቼ ሦስት ደቂቃ ያህል ቀዳሁ። ማታ ቤት ገብቼ ስከፍተው ጣቢያ የሳተ ሬዲዮ ሆኖ አገኘሁት። ሽሽሽ ብቻ። የጓደኛዬ ሳል ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

ጥፋቱ የስልኩ አይደለም። የስልክ ማይክሮፎን የተሠራው ለንግግር ነው። ድምፅ ሲበረታበት ራሱ ይቀንሰዋል፣ ሲደክምበት ራሱ ከፍ ያደርገዋል። ብዙዎቹ ስልኮች ደግሞ የሰው ድምፅ ነጥሮ እንዲወጣ ሌላውን ያፍኑታል። ጫጫታ ለእነሱ መጽዳት ያለበት ቆሻሻ ነው።

ይህን ያነሳሁት ያው ጓደኛዬ የኖይዝ ሙዚቃ ወዳጅ ስለሆነ ነው። ኖይዝ ዜማና ምቱን ትቶ ጫጫታውን ራሱን ሙዚቃ የሚያደርግ የሙከራ ሙዚቃ ነው። የማሽን ጩኸት፣ የማይክሮፎን ፉጨት፣ የተቀደደ ድምፅ። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ሩሶሎ ጫጫታም ሙዚቃ መሆን አለበት ብሎ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ጃፓናዊው ማሳሚ አኪታ ደግሞ መርዝባው በሚል ስም እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅጂዎች አውጥቷል። ጓደኛዬ ብዙዎቹን ስልኩ ላይ ጭኗቸዋል። «ሁሉም እዚህ አለልኝ፣ በአካል ብሰማው ምን ይጨምርልኛል?» አለኝ።

ይጨምራል። በጣም ይጨምራል።

ትዝታን ድምፁን ዝቅ አድርገህ ብትሰማው ያው ትዝታ ነው። ዜማው አለ፣ ግጥሙ አለ። ከኖይዝ ላይ ግን ጉልበቱን ከቀነስክ ምን ይቀራል? እዚህ ጉልበቱ ራሱ ሥራው ነው። ሠዓሊው በደማቅ ቀይ የቀባውን አንተ ሮዝ አድርገህ እንደማየት ነው። መድረክ ላይ የድምፁን ልክ የሚወስነው ተጫዋቹ ነው። ስልክ ላይ የምትወስነው አንተ ነህ፣ በአውራ ጣትህ። የስልኳ ስፒከር ደግሞ ትንሽ ናት፣ ወፍራሙን ድምፅ ልታወጣው አትችልም። ኢርፎን ይሻላል። ያም ቢሆን ለጆሮ እንጂ ለደረት አይደርስም።

ቅጂ ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ግብፃዊው ሀሊም ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ የዛር ሥነ ሥርዓት በሽቦ መቅረጫ ቀዳ። የእኛ የጣና ዳር ሰው የሚያውቀው ዛር ማለት ነው። ከዚያ ስቱዲዮ ገብቶ ከዘፋኞቹ ድምፅ ላይ ዋናውን ቃና አስወገደው፣ ማስተጋባቱን ጨመረበት። ዛሬ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ተብሎ የሚጠራው ይህ ነው። እዚያው ዛሩ ቦታ ቁጭ ብለህ ይህን ድምፅ አትሰማውም። የተወለደው በቅጂ ነው። (ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዲስ አበባ መጥቶ እያስተማረ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርቷል። ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱንና በገናውን አንድ ላይ ያስቀመጠ ነው። ታሪኩ በሰፊው ቢነገር ደስ ይለኛል።) እንዲህ ለቅጂ ተብሎ የተሠራውን በቅጂ ስማው። እኔ የምቃወመው ቅጂው በአካል የሚሰማውን ይተካል የሚለውን ነው።

ጥቅምት ላይ ክርክራችንን ለመፍታት ለሠርግ ዕቃ ከሚያከራይ ልጅ ሁለት ትልልቅ ስፒከር ተከራየን። ባዶ የቆርቆሮ መጋዘን አገኘን። ጓደኛዬ ከስልኩ በገመድ አገናኘና ሁልጊዜ የሚሰማውን ከፈተ። ይህም ቅጂ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አየር ውስጥ ወጣ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የጣራው ሚስማሮች መንዘር ጀመሩ። ወዲያው በገና ትዝ አለኝ። የበገናን ጅማት ከድልድዩ ላይ የሚያነሳው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራው፣ ጅማቱን የሚያነዝረው ሆን ተብሎ ነው። ያ ንዝረት ባይኖር በገና በገና አይሆንም። እዚህ ደግሞ ጣራው እንዝራ ሆነ። ጥግ ላይ ስቆም አንድ ሙዚቃ ነው፣ በሩ ጋ ስቆም ሌላ። የመጋዘኑ ጥበቃ ሮጠው መጡ። «ልጆች፣ ምን ፈነዳ?» አሉ። ስንነግራቸው አልሄዱም። መዳፋቸውን የብረት በሩ ላይ ለጥፈው እስኪያልቅ ቆሙ። ጓደኛዬ ስልኩን እንኳ አልነካም።

ድምፁን ግን እስከ መጨረሻው አልከፈትነውም። ጆሮ አንዴ ከተጎዳ አይመለስም። በጤና ባለሙያዎች ልኬት 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ለ8 ሰዓት ይቻላል። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ያጥራል፤ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ጥጥ ብዙም አይከላከልም። ትክክለኛ የጆሮ መሰኪያ ያስፈልጋል።

ባሕር ዳር ስፒከር አላጣችም። በየሳምንቱ ለሠርግ ተጭኖ ሲሄድ እናያለን። አዳራሹም አለ፣ ሙሉዓለም የባህል ማዕከልን የመሰለ። ከተማው ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚነካኩ፣ የተበላሸ ጊታርና አሮጌ ራዲዮ ይዘው የሚሞክሩ ወጣቶች ካሉ፣ ሥራ በማይበዛበት አንድ ሰኞ ማታ አዳራሹ ለሦስት ሰዓት ያህል ቢሰጣቸው እላለሁ። በቅጂ ሳይሆን በእጃቸው፣ እኛ ፊት እንዲጫወቱ። ስልኬ ይበቃኛል ሲል የነበረው ጓደኛዬ የስፒከሩን ኪራይ ግማሽ እከፍላለሁ ብሏል። ሌላውን ግማሽ እኔ እችላለሁ።