ማስተካከያ፦ የአባት ስም «ሰርኔም» (የቤተሰብ መጠሪያ) አይደለም

ባለፈው ሳምንት በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ሰውን መጀመሪያ በሙሉ ስሙ፣ ከዚያ በኋላ በመጨረሻ ስሙ ብቻ ጥሩት ብዬ ነበር። ለእንግሊዞችና ለአሜሪካኖች ልክ ነው። ለእኛ ስም ግን ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። የእኛ ሁለተኛ ስም የቤተሰብ መጠሪያ ሳይሆን የአባት ስም ነው፤ ስለዚህ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስትጽፉ «ሚስተር አህመድ ፓርላማ ተገኙ» ካላችሁ የጠራችሁት አባታቸውን ነው። ብዙ የእንግሊዝኛ ጋዜጦችም «አብይ» ብለው ነው የሚቀጥሉት። «ሚስተር አብይ» ማለትም ነውር የለውም፤ እኛስ «አቶ» የምንለው በራሱ በሰውየው ስም አይደል?

ስፖርት ላይ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ እጅጋየሁ ዲባባ በ10,000 ሜትር ብር፣ እህቷ ጥሩነሽ በ5,000 ሜትር ነሐስ አገኙ። እንግሊዝኛው ሁለቱንም «ዲባባ» ይላቸዋል። በኋላ ታናሽ እህታቸው ገንዘቤም ስትመጣማ የሮጠችው የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ዓረፍተ ነገሩን ሁለቴ ማንበብ ነው። «ጥሩነሽ» ብላችሁ ጻፉ፣ አለቀ።

ፎርም ላይ ግን ሌላ ነው። «ሰርኔም» የሚለውን ሳጥን ፓስፖርታችሁ ላይ እንደተጻፈው ሙሉት፤ እዚያ መለያየት ጣጣ ያመጣል።