ማስተካከያ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» መቼ ታተመ?

ባለፈው ጽሑፌ የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከአብዮቱ በኋላ የወጣ አስመስዬ፣ በልብ ወለዱ ውስጥ ሥርዓቱን የሚነቅፈውን ጉዱ ካሳንም የ1966ቱ ለውጥ አፈ ቀላጤ አድርጌ ነበር። ተሳስቻለሁ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው። ይህች ቀን ንባቡን ትለውጠዋለች፤ ሐዲስ ዓለማየሁ የባላባቱን ሥርዓት የነቀፉት ከወደቀ በኋላ ሳይሆን ራሳቸው የዚያው መንግሥት ሹም ሆነው ነው። (ድፍረታቸውን አሳንሼባቸው ኖሯል!)

የጎጃም ልጅነታቸውና የቤተ ክህነት ትምህርታቸው በዋናው ገጸ ባሕርይ በበዛብህ ላይ ይታያል ያልሁት እንዳለ ይቆይ። «በዛብህ ራሱ ደራሲው ነው» ያልሁትን ግን ሰርዙልኝ። ሐዲስ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ ጣልያንን ተዋግተው ተማርከዋል፣ በኋላም አምባሳደር ሆነዋል፤ በዛብህ ከዚህ አንዱም አልገጠመው።