ስንት ሰዓት ላይ ትነቂያለሽ?

እናቴ ካረፈች በኋላ ለወራት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አናቴን ያቃጥለኛል። ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስለኛል። አንዲት ጓደኛዬ እየጎተተች የሥነ ልቦና አማካሪ ጋ ወሰደችኝ።

አማካሪው ገና ከመቀመጤ ወረቀት ሰጠኝ። ዘጠኝ ጥያቄ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ እንዲህ ተሰማሽ? ከ0 እስከ 3 ምረጪ። ሞላሁ። ደመረውና 13 መጣ። «መካከለኛ ድብርት ነው» አለኝ። የአተነፋፈስ ልምምድ አሳይቶ ሸኘኝ። ስለ እናቴ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ተመልሼ አልሄድኩም።

ወረቀቱን አልወቅስም። ፒኤችኪው 9 ይባላል። ብዙ አገር ይሠራበታል፤ በአማርኛም ተፈትሿል። ግን ከዘጠኙ ጥያቄ አንዱም «አናትሽን ያቃጥልሻል?» አይልም። እኛ ጋ ደግሞ ብዙ ሰው ጭንቀቱን የሚናገረው በአካሉ ነው። ራሴን ይላል፣ ልቤን ይላል። «ድብርት ይዞኛል» ብሎ የሚመጣው ጥቂት ነው።

ሁለተኛዋ አማካሪ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጋ «ይሄን ነገር አንቺ ምን ትይዋለሽ?» አለችኝ። «ናፍቆት» አልኳት። እሷም ከዚያ በኋላ ናፍቆት ነው ያለችው። የንስሐ አባት እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ጠበል ሄጄ እንደሆነም ጠየቀችኝ፣ ሳትንቅ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ መጸለይ እንዳቃተኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኩት ለእሷ ነው። በልኬ የተሰፋ ሕክምና ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

«ይሄ ለሀብታም አገር ነው፤ እኛ ጋ ባለሙያውም ጊዜውም የለም» የሚሉ አሉ። ባለሙያ ማነሱ እውነት ነው። ዚምባብዌያዊው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳም እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ላይ ሲጀምሩ የነበሯቸው 14 የሰፈር አያቶች ብቻ ናቸው። አሠለጠኗቸው። አያቶቹ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው ማዳመጥ ጀመሩ። «የአእምሮ ጤና» ከተባለ ማንም አይመጣም ብለው የወዳጅነት ወንበር አሰኙት። ሕመሙንም ሕዝቡ በሚጠራበት የሾና ቃል «ኩፉንጊሲሳ» አሉት፤ ሐሳብ መብዛት ማለት ነው። እኛም እኮ «ሐሳብ በዛብኝ» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ፣ 573 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ከስድስት ወር በኋላ በወንበሩ የታገዙት ከሌሎቹ በጣም ተሽሏቸው ተገኝተዋል።

ጊዜ የለም የሚለውን ግን አልቀበልም። ቅጹ እንቅልፍ ማጣቴን ጠይቆኝ ነበር። ሁለተኛዋ አማካሪ የጨመረችው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ስንት ሰዓት ላይ ትነቂያለሽ?» ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ሁልጊዜ። ለሁለት ዓመት እናቴን ተነስቼ የማገላብጣት በዚያ ሰዓት ነበር።