የተሰነጠቀ የኤሊ ገንዳ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ክርክሩ የተነሳው አሜሪካ ውስጥ «ባለ 40 ጋሎን» በሚባለው፣ ርዝመቱ 91፣ ወርዱ 46፣ ከፍታው 41 ሳ.ሜ በሆነ የመስታወት ገንዳ ላይ ነው። የፊት መስታወቱ ከታችኛው ማዕዘን ጀምሮ 18 ሳ.ሜ ተሰንጥቋል። የምትኖርበት «ባለቀይ ጆሮ» የምትባል የውሃ ኤሊ ቅርፊቷ 20 ሳ.ሜ ደርሷል።

ይጠገን ባይ፦ ስንጥቅ ላይ ሲሊኮን መለቅለቅ ጥገና አይባልም፤ በዚህ ከተከራካሪዬ ጋር አንለያይም። ሲሊኮን ላስቲክ ነው፤ የተሰነጠቀውን መልሶ አንድ አያደርገውም፣ ስንጥቁም መሄዱን አያቆምም። እኔ የምለው የፊት መስታወቱ እንዳለ ይቀየር ነው። ገንዳው ይድረቅ (ውሃው ወጥ ቤት አይደፋ፤ ኤሊ ሳልሞኔላ የሚባለውን ሆድ የሚያሳምም ጀርም ትሸከማለች)፣ የላይና የታች የፕላስቲክ ክፈፉ ይነሳ፣ መስታወቱን የያዘው ሲሊኮን በረጅም ምላጭ ይቆረጥ። አዲሱ መስታወት የአሮጌው ልክና ውፍረት ይኑረው፤ ጠርዙ ይሞረድ። ሲሊኮኑ መቶ በመቶ ንጹህ፣ አቼቶ አቼቶ የሚሸት ይሁን። «ሻጋታ ይከላከላል» የሚል ካለበት አይገዛ፤ የተጨመረበት ኬሚካል ውሃ ውስጥ ለሚኖር እንስሳ መርዝ ነው።

ይቀየር ባይ፦ ሲነገር ቀላል ነው። የሚበላሸው የት እንደሆነ ልናገር። አዲስ ሲሊኮን በደረቀ ሲሊኮን ላይ አይይዝም። የፊቱ ብቻ ሲቀየር አዲሱ መስመር በየማዕዘኑ ከአሮጌው ጋር ይገናኛል፤ ውሃ የሚሾልከውም በዚያ ነው። ክፈፉ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ይሰበራል፤ መስታወቱ ወደ ውጭ እንዳይጎብጥ የሚይዘው ደግሞ እሱ ነው። ግፊቱን እናስላው፦ 30 ሳ.ሜ ጥልቀት ያለው ውሃ ያንን መስታወት በ41 ኪሎ ያህል ይገፋዋል፣ ቀንና ሌሊት።

ይጠገን ባይ፦ የማዕዘኑ ነገር እውነት ነው። ስለዚህ የውስጠኛው ሲሊኮን በሙሉ፣ ደህና ከሆኑት መጋጠሚያዎችም ጭምር ይፋቅ፤ ነጭ ጨርቅ አሴቶን በሚባለው ማጽጃ ፈሳሽ ተነክሮ ሲጠረግበት ምንም ሳይዝ እስኪወጣ። በሁለቱ መስታወቶች መሐል ከ1 እስከ 2 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ሲሊኮን ይኑር፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት ሞርሳ አጥብቀው ጨምቀው ሲያወጡት ነው። ለውስጠኛው መስመር ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ 7 ሚ.ሜ ያህል ትቶ የወረቀት ፕላስተር መለጠፍ፣ ሲሊኮኑን በጣት አንዴ ስቦ ማስተካከል፣ ፕላስተሩን ወዲያው መላጥ። 10 ደቂቃ ካለፈ ገጹ ቆዳ ያበጃል፤ ያኔ መነካካት ማበላሸት ነው። ሲሊኮን የሚጠነክረው የአየሩን እርጥበት እየሳበ፣ በቀን 2 ወይም 3 ሚ.ሜ ብቻ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ስለሆነ አንድ ሳምንት ይጠበቅ። ከዚያ ጋዜጣ ተነጥፎበት መጀመሪያ ሲሶው ይሞላና አንድ ቀን ይደር፤ ቀጥሎ እስከ 30 ሳ.ሜ ሞልቶ ሁለት ቀን። ጋዜጣው ከረጠበ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ግፊቱ ካሰጋ ውሃው 20 ሳ.ሜ ይሁን፤ 41 ኪሎው ወደ 18 ይወርዳል።

ይቀየር ባይ፦ 20 ሳ.ሜ ውሃ ማለት 84 ሊትር እንኳ አይሞላም። የአርቢዎች ልማድ ለአንድ ኢንች ቅርፊት 10 ጋሎን ነው። 20 ሳ.ሜ ወደ 8 ኢንች ይጠጋል፤ 80 ጋሎን፣ 300 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። ገንዳው ሳይሰነጠቅም ጠቧት ነበር! ለማይበቃት ቤት ያን ሁሉ መፋቅ ለምን? ለከብት ውሃ ማጠጫ የሚሸጠው ባለ 100 ጋሎን የፕላስቲክ ገንዳ ኤሊ ድንጋይ ብትገፋበት አይሰነጠቅም፣ ከሥሩም ማፍሰሻ አለው።

ይጠገን ባይ፦ መጥበቡን አልክድም። ፕላስቲኩ ግን በጎን አያሳይም። ኤሊ ሳንባዋን ስትታመም ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ትዋኛለች፤ የሆዷ ቅርፊት ሲቆስልም ከላይ ለሚያይ አይታይም። 300 ሊትር ውሃ ደግሞ 300 ኪሎ ነው፤ ፎቅ ላይ፣ የእንጨት ወለል መሐል አይቀመጥም።

ይቀየር ባይ፦ መሐል ሳይሆን ግድግዳ ሥር፣ ወለሉን የተሸከሙትን አግዳሚ እንጨቶች አቋርጦ ይቀመጥ። ማዘንበሏ ከላይም ይታያል። ለሆዷ በሳምንት አንዴ አውጥቶ ገልበጥ አድርጎ ማየት፣ ከዚያ እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። አሁን እኔ ልጠይቅዎ፦ ሲሊኮኑ እስኪጠና ድረስ ያን ሳምንት ኤሊዋ የት ልትሰነብት ነው? ፕላስቲክ ገንዳ ውስጥ አይደለም?